ብረት አይፈጭም

መፍጨት ከሚለው ቃል ጋር የተጣላሁት በአሉሚኒየም ዱቄት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ነው። ከማይዝግ ብረት በተሠራ ወፍራም ጣሳ ውስጥ ዱቄቱንና ጠንካራ የብረት ኳሶችን አንድ ላይ ከተትኩ፤ ለአንድ ግራም ዱቄት አሥር ግራም ኳስ እንዲደርስ መዝኜ፣ ክዳኑን አጥብቄ ወፍጮውን አስነሣሁ። ማሽኑ ጣሳውን በራሱ ዛቢያ ላይ ያሽከረክረዋል፤ ጣሳው የተቀመጠበት ገበታም በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞት ይዞራል፤ በዚህ መካከል ኳሶቹ አንዱን ግድግዳ እየለቀቁ ከማዶው ጋር በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይላተማሉ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስከፍተው የጠበቅኩት እንደ ጥላሸት የላመ ነገር ነበር። ያገኘሁት ግን በጣቶቼ መካከል የሚንኮሻኮሽ ሻካራ ጠጠር፣ ብርማ ቅርፊት የለበሱ ኳሶችና ተፍቆ የማይለቅ የግድግዳ ሽፋን ነው። ፈጭቼ ያወጣሁት ከከተትኩት ተልቆ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ብቻ ሳይሆን የቃሉም እንደነበር ለመረዳት ወራት ወስዶብኛል። መፍጨት፣ መውቀጥ፣ መከካት፣ መሰለቅ የምንላቸው ድርጊቶች በደረጃ ቢለያዩም መድረሻቸው አንድ ነው፤ ነገሩ ይሰበራል፣ ይደቃል፣ ይልማል። ድንጋይና ሸክላ ለዚህ ቃል ይገዛሉ፤ ኃይል ሲበረታባቸው ከመለመጥ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀላቸዋልና። አብዛኛው ብረት ግን ሲመታ ይለጠጣል፤ ንጹሕ ገጹ ከንጹሕ ገጽ ጋር ሲጫን ይጣበቃል፤ የሚሰበረው ብዙ ተደብድቦ ከደነደነ በኋላ ብቻ ነው። ማሽኑን ወፍጮ ብንለውም በውስጡ የሚካሄደው ሥራ ለአንጥረኛ መዶሻና መስፍ ይቀርባል፤ ልዩነቱ መዶሻውም መስፉም ኳስ መሆናቸውና ምቱ በሚሊዮን የሚቆጠር መሆኑ ነው። (ብረት ስል ሁሉንም ማለቴ ነው። አማርኛ አንዱን ንጥረ ነገርና መላውን ወገን በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ አንዱን ለይቼ ስፈልግ ተራው ብረት እላለሁ።)

በሁለት ኳሶች መካከል የተያዘች አንዲት ቅንጣት መጀመሪያ ትጠፈጠፋለች። ስትጠፈጠፍ ገጿን የሸፈነው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ይቀደድና ከሥሩ ንጹሕ ብረት ይወጣል። ቀጣዩ ምት ከጎረቤቷ ጋር ሲያገኛት ሁለቱ ያለ እሳት ይበየዳሉ። የተበየደው እንደገና ይጠፈጠፋል፣ ይታጠፋል፣ ይደራረባል፤ በእያንዳንዱ ዙርም እየደነደነ ይሄዳል። ደንድኖ መለጠጥ ሲያቅተው ይሰነጠቃል። መበየዱና መሰበሩ እኩል ለእኩል ሲሆኑ የቅንጣቶቹ አማካይ መጠን ባለበት ይቆማል። አሉሚኒየም ልል ስለሆነ የመጀመሪያው ወገን ያይልበታል፤ ለዚህ ነው የኔ ዱቄት ጠጠር የሆነው። መድኃኒቱም ቀላል ነበር፤ ከዱቄቱ ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ የሚሆን ስቴሪክ አሲድ (ሰም መሰል የስብ አሲድ) ሲጨመርበት ገጹን ይቀባና ብየዳውን ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ዱቄቴ ደቅቋል፤ ከስቴሪክ አሲዱ የሚመጣው ካርቦን ግን ቀስ በቀስ ብረቱ ውስጥ እንደሚገባ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

እስከዚህ ያለው ሁሉ በማጉያ መነጽር የሚታይ ታሪክ ነው። የሚያስደንቀው ነገር ያለው ከዚህ በታች፣ አቶሞቹ በተሰለፉበት ሰልፍ ውስጥ ነው። ጠጣር ብረት ክሪስታል ነው፤ አቶሞቹ በሦስቱም አቅጣጫ በእኩል ርቀት ተደርድረዋል። በተራው ብረት ውስጥ የሰልፉ መሠረታዊ ኪዩብ ጎን 0.2866 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)፣ በመዳብ 0.3615፣ በአሉሚኒየም 0.405 ነው። ሰልፉ ፍጹም ቢሆን ኖሮ ብረትን ማጠፍ እጅግ ከባድ በሆነ ነበር፤ አንዱ የአቶም ንጣፍ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ሁሉም አቶሞች በአንድ ጊዜ ቦታ መልቀቅ ይኖርባቸዋልና። እ.ኤ.አ. በ1934 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሳይንቲስቶቹ ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው የደረሱበት መልስ ሰልፉ ፍጹም አለመሆኑ ነበር። በመካከሉ ተጀምሮ የተቋረጠ ረድፍ አለ፤ ዲስሎኬሽን ይባላል። ይህ የተቋረጠ ረድፍ በትንሽ ኃይል ከቦታ ወደ ቦታ ይራመዳል፤ ብረቱ የሚለጠጠውም በእርሱ እርምጃ ነው።

የኳሱ ምት እነዚህን የተቋረጡ ረድፎች ያራባል። በእሳት ተለዝቦ በተቀዘቀዘ ብረት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ስፋት ውስጥ የሚያልፉት ዲስሎኬሽኖች በአሥር ቢሊዮኖች እስከ ሺህ ቢሊዮን ቢቆጠሩ፣ ክፉኛ በተቀጠቀጠ ብረት ውስጥ ቁጥራቸው ከዚያ በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል። ሲበዙ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ መተላለፊያ ያጣሉ፤ ብረቱ የሚደነድነውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ አላመንኩም ነበር። የተጠላለፉት መስመሮች ዝም ብለው አይከመሩም፤ እየተሰበሰቡ ግድግዳ ይሠራሉ፤ ግድግዳው ቀድሞ አንድ የነበረውን ክሪስታል ትንንሽ ክፍሎች አድርጎ ይከፍለዋል፤ ክፍሎቹም በቀጣዮቹ ምቶች አንዱ ከሌላው እየዞሩ የየራሳቸው አቅጣጫ ያላቸው ክሪስታሎች ይሆናሉ። በተራው ብረት ይህ መከፋፈል ወደ 10 ናኖሜትር ገደማ ሲደርስ ይቆማል፤ በአሉሚኒየም ቀደም ብሎ፣ በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይቆማል። እንደ አሉሚኒየምና መዳብ ያለ ኪዩባዊ ሰልፍ ካላቸው መካከል የመቅለጫ ሙቀታቸው ከፍ ያለው፣ እንደ ኢሪዲየም ያሉት፣ ይበልጥ ወደ ታች ይወርዳሉ።

10 ናኖሜትር ማለት በተራው ብረት ከዳር እስከ ዳር 35 ኪዩብ ብቻ ማለት ነው። በክሪስታሎቹ መካከል ያለው ድንበር 1 ናኖሜትር ያህል ውፍረት አለው ብለን ብናሰላ፣ ከጠቅላላው አቶም ሩብ የሚሆነው ድንበር ላይ ቆሟል፤ የትኛውም ሰልፍ የእኔ ነው የማይለው አቶም። የቅንጣቷ መጠን ግን አሁንም በማይክሮሜትር የሚለካ ነው። ብዙ ጀማሪ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ቅንጣትንና ክሪስታልን አንድ አድርጎ ይናገራል። ወንፊት የሚለየው ቅንጣትን ነው። በአንዲት በዓይን በማትታይ ቅንጣት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ክሪስታሎች ታጭቀው ሊኖሩ ይችላሉ፤ እንዲያውም የኔ የመጀመሪያው አሉሚኒየም ቅንጣቱ ሲያድግ ክሪስታሉ ይደቅ ነበር።

ይህን የሚያሳየው ኤክስሬይ ነው። ጨረሩ ከተደረደሩት የአቶም ንጣፎች ሲመለስ በተወሰኑ ማዕዘኖች ብቻ እርስ በርሱ ይደጋገፋል፤ በሌሎቹ ይጠፋፋል፤ የተደጋገፈበት ማዕዘን በመለኪያው ወረቀት ላይ ሽቅብ የቆመ መስመር ሆኖ ይወጣል። ከ1912 እስከ 1913 ባለው ጊዜ የፊዚክስ ሊቁ የላወ ሙከራና የአባትና ልጁ ብራጎች ቀመር ይህን ካስረዱ ወዲህ እያንዳንዱ ክሪስታል በማዕዘን መስመሮቹ ይለያል። መልካም ክሪስታል ያለው ዱቄት መስመሮቹ እንደ መርፌ ቀጭን ናቸው። የተቀጠቀጠ ዱቄት ግን መስመሮቹ አጥረው ይሰፋሉ። ፖል ሼረር በ1918 እንዳሳየው ክሪስታሉ ባነሰ ቁጥር መስመሩ ይሰፋል፤ በመዳብ ቱቦ ጨረር (ኤክስሬዩ ከመዳብ በሚመነጭበት)፣ በ44 ዲግሪ አካባቢ ባለ መስመር ላይ፣ 10 ናኖሜትር የሆነ ክሪስታል ወደ 0.86 ዲግሪ የሚደርስ ስፋት ይሰጣል።

ችግሩ መስመርን የሚያሰፋው ማነስ ብቻ አለመሆኑ ነው። ንጣፎቹ በአንዱ ቦታ ተጠጋግተው በሌላው ተራርቀው ከሆነ፣ ማለትም ክሪስታሉ በውስጡ ከተወጠረ፣ መስመሩ ያንኑ ያህል ይሰፋል። መሣሪያው ራሱም የራሱን ስፋት ይጨምራል። ማነስንና ውጥረትን የሚለያቸው ማዕዘኑ ሲጨምር የሚያሳዩት ጠባይ ነው፤ ዊሊያምሰንና ሆል በ1953 ያቀረቡት ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው። እኔ ግን አንዷን ረጅም መስመር ብቻ ለክቼ፣ የሼረርን ቀመር ተጠቅሜ፣ ክሪስታሎቼ 9.37 ናኖሜትር ናቸው ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ወረቀቱን አይተው «ሰባቷን ከየት አመጣሃት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም በሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ያለው የክሪስታል መጠን ባየሁ ቁጥር ያቺ ሰባት ትታወሰኛለች።

ከሁሉም ብረት ያስተማረኝ ኮባልት ነው። ኮባልት በክፍል ሙቀት አቶሞቹን የሚደረድረው በባለስድስት ጎን ሥርዓት ነው፤ ከ420 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ወደ ኪዩባዊ ሥርዓት ይሻገራል። ሁለቱ ሥርዓቶች በስም የተራራቁ ቢመስሉም ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ነው። በሁለቱም እያንዳንዱ ንጣፍ ያው ነው፤ አቶሞቹ ተጠጋግተው የተቀመጡበት። የሚለያዩት ንጣፎቹ በሚደራረቡበት ተራ ነው። በመጀመሪያው ሦስተኛው ንጣፍ ልክ ከመጀመሪያው በላይ ስለሚቆም ተራው ሀለ ሀለ ሀለ ይሆናል። በሁለተኛው ሦስተኛው ንጣፍ አዲስ ቦታ ይይዝና ሀለሐ ሀለሐ ይሆናል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አቶም ረጅም መንገድ መጓዝ አያስፈልገውም፤ ንጣፍ በንጣፍ ላይ በጥቂቱ መንሸራተቱ ይበቃል። የኃይል ልዩነታቸውም በአንድ ሞል ግማሽ ኪሎጁል እንኳ አይሞላም። ለመንሸራተት የተሠራ ብረት፣ የማንሸራተት ሥራ በሚሠራ ማሽን ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ነገሩ ምንም አልገባኝም፤ ምክንያቱም ምንም አልታየኝም። የመዳብ ቱቦ ጨረር ኮባልትን ሲመታው ኮባልቱ ራሱ መልሶ ያበራል፤ ከመስመሮቹ ሥር ያለው ወለል ከፍ ይልና ደካማዎቹን ይውጣቸዋል። ተራው ብረትም ይህ ጠባይ አለበት። አንድ ሙሉ ሳምንት ያንኑ ወለል ብቻ ስለካ ከርሜ፣ የኮባልት ቱቦ ያለው መሣሪያ ላይ ተራ ሲደርሰኝ ነው መስመሮቹ የወጡት። (ለማነጻጸር እንዲመች ከዚህ በታች ያሉትን ማዕዘኖች በመዳብ ጨረር ልክ ነው የምጽፋቸው።)

ለጥቂት ሰዓታት በቀስታ የተቀጠቀጠው ዱቄት እንግዳ ነገር አሳየኝ። ባለስድስት ጎኑ ሥርዓት ከ41 እስከ 48 ዲግሪ ባለው ክልል ሦስት መስመሮች አሉት። ክሪስታሉ ቢያንስ ኖሮ ሦስቱም አብረው መስፋት ነበረባቸው። በኔ ዱቄት ግን በ41.6 እና በ44.6 አካባቢ ያሉት ሁለቱ እንደነበሩ ሊባል በሚችል ቅጥነት ቆመው፣ በ47.5 አካባቢ ያለው ሦስተኛው ብቻ እንደ ደለል ተንጣሎ ነበር። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ደጋግሜ ለካሁ። ኋላ ላይ እንዳገኘሁት ይህ በ1942 ኤድዋርድስና ሊፕሰን በኮባልት ላይ የመዘገቡት፣ ዊልሰን ደግሞ በዚያው ዓመት በስሌት ያስረዱት ነገር ነው። የንጣፎቹ ተራ እዚህም እዚያም ሲሳሳት፣ ሀለሀለ ሲል የነበረው በመሃል ሐ ሲያስገባ፣ የንጣፉ ውስጣዊ አደራደርም ሆነ በንጣፎች መካከል ያለው ርቀት አይነካም፤ ስለዚህ እነርሱን የሚናገሩት ሁለቱ መስመሮች ቀጭን ሆነው ይቀራሉ። ሦስተኛው መስመር ግን የሚወለደው ከተራው ነው፤ ተራው ሲታወክ እርሱ ብቻ ይታወካል። በአንድ ሥዕል ውስጥ የተጎዳውንና ያልተጎዳውን እንዲህ ለይቶ የሚያሳይ ሌላ ነገር በሥራዬ አላጋጠመኝም፤ ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

በዚያው ጊዜ ሌላም ለውጥ ነበር። ሲገዛ ዱቄቱ ከባለስድስት ጎኑ ጋር የተወሰነ ኪዩባዊ ኮባልት ነበረበት፤ ከ51 ዲግሪ በላይ ያለች ብቸኛ መስመር ትመሰክርበታለች። ቀስ ያለው ቅጥቀጣ ያቺን መስመር አጠፋት። በክፍል ሙቀት መኖር ያልነበረበት ኪዩባዊ ክፍል፣ ለመንሸራተት የሚገፋው ኃይል ሲያገኝ ወደ ተፈጥሯዊ ሥርዓቱ ተመልሷል። ይህ ለሕሊና የሚመች ውጤት ነው፤ ምት ብረቱን ወደ ዕረፍቱ አደረሰው ብሎ መተኛት ይቻላል። ነገር ግን የወፍጮውን ፍጥነት ጨምሬ ሰዓቱንም ሳራዝም ያቺው የጠፋችው መስመር ተመልሳ መጣች፤ ባለስድስት ጎኑም ይደበዝዝ ጀመር። ያው ማሽን፣ ያው ዱቄት፣ በመጠኑ ሲመታ ወደ አንዱ አቅጣጫ፣ ሲበረታ ወደ ሌላው ይነዳዋል።

ሙቀት ነው የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣል፤ 420 ዲግሪ አልፎ ይሆናል ይባላል። እኔ ወፍጮውን አቁሜ ጣሳውን በስስ ጓንት እይዘው ነበር፤ በውስጡ ያለው ዱቄት በአማካይ ያን ያህል ሊግል አይችልም። እኔን ያሳመነኝ ማብራሪያ ስሌት ነው። ቴይለርና ኩዊኒ በ1934 እንደለኩት ብረት ሲቀጠቀጥ ከወጣበት ሥራ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ጥቂቱ ብቻ በተዛባው ሰልፍ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ይህ ጥቂት ግን ለብዙ ሰዓት ሲጠራቀም በርካታ ኪሎጁል በሞል ይደርሳል። የሁለቱ የኮባልት ሥርዓቶች ልዩነት ከግማሽ ኪሎጁል በታች መሆኑን ካስታወስን፣ ብረቱ የትኛው ሥርዓት ይሻለኛል የሚለውን ሚዛን ራሱን ምቱ ሊገለብጠው ይችላል። የድርድሩ ስህተቶች እየበዙ ሲሄዱ ሀለሀለን ከሀለሐ የሚለየው ራሱ እየሳሳ ይመጣል። ከኳሶቹ የተፋቀው ተራው ብረትም የራሱ ድርሻ እንደሚኖረው መካድ አይቻልም፤ ኮባልት ውስጥ የገባ ተራ ብረት ኪዩባዊውን ሥርዓት ይደግፋልና።

በኮባልት ላይ ይህን ያህል መቆየቴ ለውጡ ረቂቅ ስለሆነ ነው፤ ከዚህ የጎሉ ለውጦች ሞልተዋል። ኒኬልና አሉሚኒየም ሦስት ለአንድ ሆነው በሥርዓት የተቀመጡበት ውሁድ ሲቀጠቀጥ አቶሞቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ማን የት ይቀመጥ የሚለው ደንብ ይጠፋና ሰልፉ ብቻ ይቀራል። መዳብና ተራው ብረት በተለመደው መንገድ በጠጣርነት እምብዛም አይዋሃዱም፤ በወፍጮ ውስጥ ግን ተራው ብረት ከግማሽ በላይ ሆኖ እንኳ በመዳብ ዓይነት ሰልፍ አብረው ይቆማሉ። በ1983 ኮክ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የኒኬልንና የኒዮቢየምን ዱቄት ስድሳ ለአርባ ቀላቅለው ሲቀጠቅጡ ሰልፉ ጨርሶ ፈርሶ ብርጭቆ የሚመስል፣ መስመር አልባ ጉብታ ብቻ የሚያሳይ ነገር አግኝተዋል። ሳይቀልጥና በፍጥነት ሳይቀዘቅዝ የተገኘ የብረት ብርጭቆ ማለት ነው። ዘዴውን በ1966 ገደማ ያበጀው ጆን ቤንጃሚን ግን ይህን ሁሉ አላሰበም። በአንድ የኒኬል ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለጋዝ ተርባይን የሚሆን፣ ደቃቅ ኦክሳይድ በእኩል የተበተነበት ኒኬል ይፈልግ ነበር፤ ቀልጦ ሲቀላቀል ኦክሳይዱ ስለሚንሳፈፍበት መበየዱንና መሰበሩን መረጠ።

ማስጠንቀቂያ የምለው አንድ ነገር ቲታኒየም ነው። ቲታኒየም በክፍል ሙቀት ባለስድስት ጎን ነው፤ ከ882 ዲግሪ በላይም ሌላ ሥርዓት ይይዛል እንጂ እንደ መዳብ አይሰለፍም። ብዙ ሰው፣ እኔም ከነርሱ አንዱ፣ ለረጅም ሰዓት ቀጥቅጦ እንደ መዳብ ያለ ኪዩባዊ ሰልፍ ሲያይ አዲስ ቲታኒየም ያገኘ ይመስለዋል። የኔ አዲስ ቲታኒየም የተገኘው የጣሳዬ ክዳን ቀለበት በመላላቱ ነው። አየር ገብቶ ነበር፤ ናይትሮጅን የጠጣ ቲታኒየም ደግሞ ኪዩባዊ ናይትራይድ ይሆናል። ቀለበቱ ተለውጦ ጣሳው ከብረት ጋር በማይዋሃድ ጋዝ፣ በአርጎን፣ ሲሞላ ግኝቴ አብሮ ጠፋ። እንዲህ ያለው ዱቄት ክዳኑ በድንገት ከተከፈተ አየር እንደነካው ሊቀጣጠል እንደሚችልም በዚያው ሰሞን ተምሬያለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዓይን አይቼ ሳይሆን ተነግሮኝ።

ሌላው ወጥመድ ከዚህ ይቀላል። የተጠፈጠፉ ቅንጣቶች መለኪያው ሳህን ላይ እንደ ተበተነ ወረቀት ተኝተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ መስመር ያለ መጠን ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፤ ሰልፉ ግን አልተለወጠም፤ የተለወጠው አተኛኛቱ ነው። ዱቄቱን ከጎን በኩል ሞልቶ መለካት ብዙውን ያስተካክለዋል።

በመጨረሻ የኮባልቱን ታሪክ ወደ ኋላ ልመልሰው ፈለግኩ። ክፉኛ የተቀጠቀጠውን ዱቄት በአርጎን ውስጥ እስከ 600 ዲግሪ አግዬ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተውኩት። መስመሮቹ ቀጠኑ፤ ተንጣሎ የነበረው ሦስተኛው መስመር ራሱን ሰብስቦ ቆመ። ከ51 ዲግሪ በላይ ያለችው የኪዩባዊው መስመር ግን አልጠፋችም። ባለስድስት ጎን መሆን በነበረበት ሙቀት፣ ከዕረፍት በኋላም፣ ኪዩባዊው ክፍል በከፊል ቀርቷል። ውጤቱን ለአማካሪዬ ወስጄ ዱቄቱ ወደ መነሻው አልተመለሰም አልኳቸው። ወረቀቶቹን አገላብጠው ከሥር ያለውን፣ ዱቄቱ እንደተገዛ የተለካበትን፣ አወጡና ከአዲሱ ጎን አስቀመጡት። ሁለቱ ሊለዩ አይችሉም ነበር፤ ያቺ መስመር መጀመሪያም ነበረችና። «ጠርሙሱ ውስጥ ከመግባቱ በፊትስ ማን ምን አድርጎታል?» አሉኝ። ዱቄቱ ከየትኛው ውሁድ እንደተገኘ፣ በስንት ዲግሪ እንደጋለ፣ በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጠርሙስ ስከፍት ኳስ ከመመዘኔ በፊት ትንሽ ጨልፌ ኤክስሬዩ ሥር አስቀምጣለሁ።